የዞረ አንገት

ጊዮርጊስ መዳህ ከጀመረ ወዲህ ቤቱ ውስጥ አፉ ያልገባ ነገር የለም። የጫማ ክር ቀምሷል፣ ከሰል ቀምሷል፣ የእህቱን የፕላስቲክ በግ ጆሮ ቆርጥሟል። ያን ቀን ጠዋት ደግሞ እናቱ ዞር ባለችበት ቅጽበት የእመቤታችንን ካባ ቀለም ከነብሩሹ ነክሶ ተገኘ። አገጩ ሰማያዊ፣ ድዱ ሰማያዊ፣ እጁ እስከ ክርኑ ሰማያዊ ሆኗል። ወንጌላዊት ጣቷን አፉ ውስጥ ከታ ስትጠርግለት ገና ብቅ ባሉት ጥርሶቹ ነከሳት።

"እማ፣ ጊዮርጊስ ሰማይ በላ!" አለች የሦስት ዓመቷ ማኅሌት፣ በሩ ላይ እየዘለለች።

ሌላ ጊዜ ቢሆን ወንጌላዊት አብራት ትስቅ ነበር። ያን ቀን ግን ሳቁ አልመጣላትም። የልጁን አፍ አጥባ፣ የቀለሙን ቆርቆሮ ቁም ሣጥኑ አናት ላይ አውጥታ ወለሉ ላይ ዝርፍጥ አለችና ግድግዳው ላይ የተወጠረውን ሸራ ቀና ብላ አየችው። ሁሉም ነገር አለው። የግብፅ መንገድ አለ። ዮሴፍ በትሩን ይዞ ከፊት ይሄዳል፣ ሰሎሜ ስንቅ ተሸክማ ከኋላ ትከተላለች፣ ከዳር የሄሮድስ ጭፍሮች ጦር እየነቀነቁ ይጋልባሉ። መካከል ላይ እመቤታችን ልጇን አዝላ ቆማለች። ከጭፍሮቹ በቀር ግን ማንም ፊት የለውም። ፊት መሆን በነበረበት ቦታ ሁሉ ባዶ ነጭ ክብ ነው ያለው።

ነገሩ የጀመረው ፍልሰታ በተፈታ ሰሞን ነው። ክረምቱ ከርሮ ስለነበር ከባሕር ዳር ወጣ ብላ ሐይቁ ዳር ያለችው ማርያም ጣራዋ አፈሰሰ፤ ውሃው በመቅደሱ ግድግዳ ወርዶ በሴቶች በር በኩል የነበረውን የስደት ሥዕል አበሰበሰው። ሥዕሉ የወንጌላዊት አባት፣ የመሪጌታ ኪዳነ ወልድ ሥራ ነበር። እሳቸው ካረፉ ቆይተዋል። የደብሩ አስተዳዳሪ አለቃ ገድሉ፣ የመሪጌታ የድሮ ባልንጀራ፣ አንድ ቀን ጃንጥላቸውን ደጃፍ ላይ አራግፈው ገቡና ገና ሳይቀመጡ ነገሩን አወጡት።

"የመሪጌታ ልጅ እዚህ ተቀምጣ ከሌላ አገር ሠዓሊ አላስመጣም አልሁ። ሴት ትችለዋለች ወይ ያሉኝም አሉ፤ ትችለዋለች ብየ አፌን ሞልቸ ነው የመጣሁ። ጽጌ ሳይወጣ፣ ለቁስቋም ይድረስልኝ። እንዳታሳፍሪኝ ልጄ።"

"እሽ አባቴ" አለች። እሽ ካለች በኋላ ነው ጊዮርጊስ ጡቷ ላይ እንደተንጠለጠለ፣ ማኅሌትም ቀሚሷን እየጎተተች እንደሆነ ትዝ ያላት።

ወንጌላዊት ከአባቷ ሥር ያደገች ናት። ወንድሞቿ አንዱ ሹፌር፣ አንዱ ነጋዴ ሆነው ሲበታተኑ ቀለም ስትበጠብጥ፣ አቡጀዲ በሙጫና በኖራ ስትቀባ፣ የልብስ እጥፋትና የፈረስ ኮርቻ ስትሠራ የኖረችው እሷ ነበረች። ፊት ግን አንድም ቀን ሠርታ አታውቅም። "አንች ልብሱን ያዥ፣ ፊቱን ለእኔ ተይልኝ" ይሏት ነበር መሪጌታ። አንድ ጊዜ ደፈር ብላ ልሞክር ስትላቸው፣ "ቆይ፣ ይደርሳል" አሏት። ሳይደርስ ሞቱ። ከዚያ አገባች፣ ማኅሌት ተወለደች፣ ጊዮርጊስ ተከተለ፤ ብሩሾቹም ጣሳ ውስጥ ደርቀው ቀሩ።

እንግዲህ ይኼ ሸራ ለሌላው ሰው አንድ ሥዕል ነው፤ ለወንጌላዊት ግን ፍርድ ነበር። ፊቱን ከሠራችው ሠዓሊ ናት። ካልቻለችው ድሮም የአባቷ ልብስ ቀቢ ነበረች ማለት ነው፤ ያን ሁሉ ዘመን "እጇ የተባረከ" ያሏት ሁሉ አባቷን ደስ ለማሰኘት ነበር ማለት ነው። እንዲህ ብላ የፈረደችባት ራሷ ናት እንጂ ሌላ ማንም አልነበረም። ሰው በራሱ ላይ ሲፈርድ ደግሞ ይግባኝ የለውም።

ከአባቷ የቀረ አንድ ነገር ሣጥን ውስጥ አለ፤ በመርፌ የተበሳሳ ወፍራም ወረቀት። ሸራው ላይ ተለጥፎ የከሰል ዱቄት ሲነሰነስበት የእመቤታችን ፊት፣ መሪጌታ ዕድሜያቸውን ሙሉ የሠሩት ያው ፊት፣ በነጠብጣብ ይወጣል። ሥራውን የጀመረች ዕለት ወንጌላዊት ሣጥኑን ቆለፈችው። በእሱ ከሠራሁ አባቴ ሠሩት እንጂ እኔ አልሠራሁም አለች። ቁልፉንም ስኳር ዕቃው ውስጥ ጨመረችው።

አቤት የመጀመሪያው ሰሞን! ልብሱ፣ መንገዱ፣ ፈረሱ እየፈሰሰ መጣላት። የጭፍሮቹን ፊትም እንደ ቀልድ ጨረሰችው፤ የክፉ ሰው ፊት ቀላል ነው። ሕጉን ፊደል ሳትቆጥር ጀምራ ታውቀዋለች፤ ጻድቅ ፊት ለፊት በሁለት ዓይኑ ይሣላል፣ ኃጥእ ግን በጎኑ፣ በአንድ ዓይኑ። ጭፍሮቹን አፍንጫቸውን አሹላ በጎን ደረደረቻቸው። ወደ እመቤታችን ስትመጣ ግን እጇ ቆመ። በከሰል ትነድፋለች፣ በጨርቅ ትጠርጋለች። ደግማ ትነድፋለች፣ ደግማ ትጠርጋለች። የወጣው ፊት ሁሉ አንዴ የአባቷን ይመስላል፣ አንዴ ደግሞ ማንንም አይመስልም።

ጊዜውስ የት አለና? ልጆቹ ተማክረው ይመስል አንዱ ሲተኛ ሌላው ይነቃል። ብሩሹን ቀለም ነክራ ሸራው ጋ እስክታደርሰው "እማ ሽንቴ" ይመጣል፤ ከሽንቱ መልስ ቀለሙ ደርቋል። ባሏ አስማማው ክፉ ሰው አይደለም። ኮሌጅ ቤተ ሙከራ ውስጥ ውሎ ማታ ሲገባ ጊዮርጊስን ተቀብሏት ይዞራል። ማታ ግን ለቀለም አይሆንም፤ መብራቱ ይጠፋል፣ ሳይጠፋም በአምፖል የተቀባ ቀለም ይዋሻል፤ ሰማያዊ ነው ያለችው ጠዋት አረንጓዴ ሆኖ ይጠብቃታል። የአስማማው እናት ከሐሙሲት መጥተው ልጆቹን ሊይዙላት ነበር። ሻንጣቸውን ካዘጋጁ በኋላ መንገዱ ተዘጋ፤ ሲከፈት ደግሞ እሳቸው ታመው ተኙ።

ጎረቤቷ እትየ ሸጊቱ አልፎ አልፎ ብቅ ይላሉ። ደግ ሴት ናቸው፤ ምላሳቸው ግን ከእጃቸው ይቀድማል። አንድ ቀን ጊዮርጊስ እሪ እያለ ወንጌላዊት ብሩሹን በጥርሷ ይዛ ስታባብለው አገኟት።

"ምነው ልጄ፣ ልጅ እየጮኸ ምን ሥዕል ነው? ልጆችሽ ይደጉ፣ ከዚያ ትሥይዋለሽ። የት ይሄድብሻል?"

ወንጌላዊት ብሩሹን ከአፏ አውጥታ፣ "እውነትዎን ነው እትየ" አለች። በሆዷ ግን፣ ይሄዳል እንጂ፣ እንዴት አይሄድም፣ አሁንም እየሄደብኝ ነው ትል ነበር። ስንት ዓመት ጣሳ ውስጥ የደረቀ ብሩሽ ውሃ ሲነካው የሚለሰልስ መስሏት ነበር። ጣቶቿን አየቻቸው። የእሷ አልመስል አሏት።

ያ ሰማያዊ ቀለም የተበላበት ቀን ከዚያ በኋላ የመጣ ነው። ቀኑም በዚያ አላበቃም። ከሰዓት በኋላ ጊዮርጊስን አስተኝታ ከኩሽና ስትመለስ ማኅሌት ወንበር ጎትታ፣ ወንበሩ ላይ ወጥታ፣ ለዮሴፍ ባዶ ፊት በከሰል ሁለት ዓይን ሠርታለት ቆማለች። ዓይኖቹ አንዱ ግንባሩ ላይ፣ አንዱ ጉንጩ ላይ ናቸው።

"እማ፣ አሁን ያያል" አለች ልጅቱ ደስ ብሏት።

ወንጌላዊት እጇን መታቻት። ቀስ ብላ አይደለም፤ ከልቧ ነው የመታቻት። ማኅሌት አላለቀሰችም፤ ከወንበሩ ወርዳ በሩ ኋላ ገብታ ቆመችና በስንጥቁ እናቷን ታይ ጀመር። ያኔ ነው ወንጌላዊት ልብ ውስጥ ያ ቃል የመጣው። ምነው ባልወለድኋቸው አለች። ድምፅ አውጥታ አላለችውም፤ ግን ብላዋለች፣ ማለቷንም ሰምታዋለች። ከዚያ በኋላ አፏን በመዳፏ ይዛ ተቀመጠች። ይኼን ያሰበች እናት እመቤታችንን በየትኛው እጇ ልትሥል ነው?

በቃኝ አለች። ጊዮርጊስን ቀስቅሳ አዘለች፣ ማኅሌትን የተመታ እጇን ስማ ያዘቻት፣ ለአለቃ ገድሉ አልቻልሁም ልትል ወጣች። ባጃጁ አስፋልቱ ከሚያልቅበት ላይ አወረዳቸው። ከዚያ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ የሚወስደው መንገድ በሐይቁ ዳር ነው። ውሃው ሞልቶ ደንገሉን እስከ ግማሹ ውጦታል፤ እምቦጩ ዳር ዳሩን አልብሶት አንድ ሰው ታንኳውን በመቅዘፊያው እየገፋ መውጫ ይፈልጋል፣ ይመለሳል፣ ደግሞ ይፈልጋል። ማኅሌት ድንጋይ ልትወረውር ቆመች። ወንጌላዊት ሰውየውን እያየች እሷም ቆመች። ስታለቅስ ልጅቱ እንዳታያት ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳበች።

አለቃ ገድሉ አልነበሩም። "ለለቅሶ ወደ አንበሳሜ ወርደዋል፤ መቼ እንደሚመለሱ እንጃ" አላት ዘበኛው። እምቢ ለማለት እንኳ አልታደልሁም ብላ ተመለሰች።

በማግስቱ ጊዮርጊስ ትኩሳት ቢጤ ይዞት ዋለ። ጥርሱ ነው። ከጀርባዋ አልወርድ አለ፤ ልታወርደው ስትል ይጮኻል፣ ሲታዘልም ይጮኻል፣ ብቻ ሲታዘል ትንሽ ቀስ ይላል። ማኅሌት ከእሱ ጩኸት የተነሳ ደክሟት መደቡ ላይ እንቅልፍ ወሰዳት። ወንጌላዊት ልጁን እንዳዘለች ቤቱን ዞረች፣ ዞረች፣ መጨረሻ ላይ ሸራው ፊት ቆመች። ልትሠራ አልነበረም። ቆማ እያወዛወዘችው እጇ ሥራ ስለፈታ ብቻ ከሰሉን አነሳች።

ልጁ አለቀሰ። አንገቷን ወደ ኋላ አዙራ፣ "አለሁ፣ አለሁ" አለችው። ዝም አለ። ወደ ሸራው ስትመለስ ደግሞ አለቀሰ። ዞረች፤ "አለሁ የእኔ ጌታ፣ አለሁ።" ስትዞር የአንገቷ ጅማት ከጆሮዋ ሥር እስከ ትከሻዋ ሲወጠር ተሰማት። አገጯ ትከሻዋ ላይ ሲያርፍ፣ ጉንጯ ሲታጠፍ፣ የዓይኗ ሽፋን ወደ ልጁ ዝቅ ሲል ተሰማት። ይኼን መስመር ታውቀዋለች፤ በየቀኑ ስንት ጊዜ ትኖረዋለች። እጇ ሄደ። ከሰሉ ከጆሮ ሥር ጀምሮ እስከ ትከሻ አንድ ጊዜ ወረደ፣ አልተጠረገም። ልጁ ባለቀሰ ቁጥር እየዞረች፣ ተመልሳ የዞረችውን እየነደፈች፣ ቀለሙን እያነሳች ቀጠለች። መቼ እንደጀመረችና መቼ እንዳበቃች አታውቅም። ጊዮርጊስ ትከሻዋ ላይ ለሃጩን አዝረክርኮ ተኝቷል፤ ጀርባዋ ረጥቧል፤ እመቤታችን ፊት አላት።

ማኅሌት ነቅታ ዓይኗን እያሸች መጣች። ሸራውን ብዙ ጊዜ አየችው።

"ታየዋለች" አለች።

"ማን?"

"እናቱ። ሲያለቅስ ታየዋለች።"

ወንጌላዊት ልጇን አቅፋ ሳመቻት፤ ጣቷ የነካት ቦታ ሁሉ ቡናማ ሆነ። ከአባቷ ሞት ወዲህ እንዲህ ደስ ብሏት አያውቅም። ሰሎሜን፣ ዮሴፍንና የታዘለውን ሕፃን በሚቀጥሉት ቀናት፣ በልጆቹ እንቅልፍ መሐል፣ ሳትጨነቅ ጨረሰቻቸው፤ እጇ መንገዱን አግኝቶ ነበር። ሽሮው እሳት ላይ አርሮ አስማማው ጠርጎ ሲበላ፣ "ምን አገኘሽ? ፊትሽ በራ" አላት። ሳቀችና ሽሮ ጨመረችለት።

እንግዲህ እዚህ ላይ፣ እንዴት አላየችውም የሚል ይኖራል። በሕጉ ያደገች፣ ጭፍሮቹን በዚያው ሸራ ላይ በአንድ ዓይን የደረደረች ሴት እንዴት ሳታየው ቀረች? እንዲህ ያለውን ሰው አንድ ሳምንት ትኩሳት ያለበት ልጅ ላሳዝለው። ወጥ ውስጥ ጨው ጨምራ ረስታ የምትደግም፣ በጥርሷ የያዘችውን ብሩሽ ቤቱን እየገለባበጠች የምትፈልግ ሴት ናት። ያየችው ፊት ነበር፤ ዓይን መቁጠር ትዝም አላላት።

ሸራው ተጠቅልሎ በባጃጅ ሄደ። አስማማው ከሥራው አስፈቅዶ ጥቅሉን በጉልበቱ ላይ አጋድሞ ያዘ፤ ልጆቹን እትየ ሸጊቱ ተቀበሉ። ሰንበቴ ቤቱ ውስጥ ሰሌን ተዘርግቶ ሸራው ተዘረጋ። አለቃ ገድሉ፣ ካህናቱ፣ ደብተራዎቹ ከበቡት። መጀመሪያ ምስጋና ነበር። ካባውን አዩ፣ ፈረሱን አዩ፣ "እሰይ፣ እሰይ" አሉ። ከዚያ ምስጋናው ከአንድ ጥግ መቀዝቀዝ ጀመረ። ቀዝቅዞ ቀዝቅዞ ጠፋ።

"ይቺ እመቤታችን ናት?" አሉ አንድ ሽማግሌ ደብተራ በመቋሚያቸው እያመለከቱ። "ሌላው ዓይኗ የት አለ?"

ወንጌላዊት አየች። ያኔ ነው ያየችው። እመቤታችን ፊቷን ወደ ልጇ አዙራ በጎኗ ቆማለች፤ የሚታየው አንድ ዓይኗ ነው። ከዳር ያሉት የሄሮድስ ጭፍሮችም በጎን ናቸው፣ አንድ ዓይናቸው ነው የሚታየው። በዚያ ሸራ ላይ ሁለት ዓይን ያላቸው ዮሴፍ፣ ሰሎሜና ሕፃኑ ብቻ ናቸው። መሬት ተከፍታ ብትውጣት ደስ ባላት ነበር።

"ከሄሮድስ ሰዎች ጋር ደመረቻት እኮ" አለ አንዱ ከኋላ። "አላልሁም? ሴት..."

"ዝም በል!" አሉት አለቃ ገድሉ። ከዚያ ጎንበስ ብለው ሥዕሉን ረጅም ጊዜ አዩት። ፊታቸው ላይ ቁጣ አልነበረም። ቁጣ ቢሆን ወንጌላዊት ምናልባት አፏን ትከፍት ነበር። አባቴ፣ ልጇ እያለቀሰ ነው፤ እናት ልጇ ሲያለቅስ ፊት ለፊት ቆማ ሰው አታይም ትላቸው ነበር። እሳቸው ግን ቀና ብለው በአባት ድምፅ፣ "ደክሞሽ ነው ልጄ" አሏት። "ልጆቹ ናቸው። ሁለት ሕፃን ይዘሽ ይህን ያህል መሥራትሽም ደግ ነው። ፊቷን ብቻ ታስተካክይዋለሽ። ለቁስቋም እንዲደርስ።"

ያ ቃል ገደላት። ዕድሜዋን ሙሉ የጠበቀችው መስመር፣ አንድ ጊዜ ወርዶ ያልተጠረገው፣ የድካም ስሕተት ሆነ። የከፋው ደግሞ ውሸት ነው ለማለት ማስረጃ አልነበራትም። ማን ያውቃል? ደክሟት አልነበረ? ልጅ አልነበረ ያዘለችው? ጥሩ ሠዓሊ ብትሆን ኖሮ ሕጉን ትረሳ ነበር? መሪጌታ በሕይወታቸው እንዲህ ያለ ነገር ሠርተው ያውቃሉ?

"አዎ አባቴ" አለች። "ደክሞኝ ነው።"

በባጃጁ ሲመለሱ አስማማው ጥቅሉን አቅፎ ተቀመጠ። ከተማ ገብተው የመንገዱ ዳር ዘንባባዎች ጋ ሲደርሱ ነው የተነፈሰው። "እኔ ደስ ብሎኝ ነበር። አንችን ነው የምትመስለው፤ ጊዮርጊስን አዝለሽ ስትዞሪ።"

"አንተ ደግሞ ስለ ሥዕል ምን ታውቃለህ?" አለችው። አስማማው ጥቅሉን ወደ ደረቱ ሳብ አደረገው።

ቤት እንደገባች ስኳር ዕቃው ውስጥ እጇን ከታ የሣጥኑን ቁልፍ አወጣች። ነገር ሲጠም እንዲህ ነው፤ ያን ቀን ሁለቱም ልጆች አንድ ላይ ተኙ። ተኝተው አልነቃ አሉ። ቤቱ እንዲያ ጭር ብሎ አያውቅም። የዞረውን አንገት በነጭ ቀባችው። ነጩ እስኪደርቅ ድረስ ልብስ አጠበች። ከዚያ የአባቷን ወረቀት ለጠፈች፣ የከሰሉን ዱቄት ነሰነሰች፣ ነጠብጣቡን ተከትላ ሁለት ትልልቅ ጥቁር ዓይኖች ሠራች። አላስቸገራትም። ያንን ሁሉ ሳምንት ያስለቀሳት ፊት ልጆቹ ሳይነቁ አለቀ። ብሩሾቹን አጥባ ጣሳ ውስጥ ስታስቀምጣቸው፣ ከእንግዲህ ይደርቁ ይሆናል ብላ አሰበች፤ ውሃም አልጨመረችላቸውም።

ለቁስቋም ዲያቆናቱ ሥዕሉን ለጥፈውት ደረሰ። ወንጌላዊት ጊዮርጊስን አዝላ፣ ማኅሌትን በእጇ ይዛ በሴቶች በር ገባች። ከበሮው ይመታል፣ ማኅሌተ ጽጌው ወደ ማለቂያው ነው። ሴቶቹ አዲሱን ሥዕል እያዩ እልልታቸውን አቀለጡት። አንዲት አሮጊት ሊስሙት እጃቸውን ዘረጉ፤ ስላልደረሱበት እጃቸውን ሳሙ። እትየ ሸጊቱ በክርናቸው ጎሸም አድርገው፣ "አንች! ይኼን ሁሉ በዚያ ቤት ውስጥ?" አሏት። ዓይናቸው እንባ አቅርሯል። አለቃ ገድሉ በአጠገቧ ሲያልፉ ቆም ብለው መስቀላቸውን አሳለሟት። ፊታቸው ያበራ ነበር።

"ቁርጥ የአባትሽ እጅ" አሏት። "መሪጌታ ራሳቸው የሠሩት ነው የሚመስል። አላሳፈርሽኝም ልጄ።"

"እግዜር ይስጥልኝ አባቴ" አለች።

ማኅሌት ሥዕሉን አንጋጣ ታይ ነበር። እናቷን በነጠላዋ ጫፍ ሳበቻት።

"እማ፣ አታየውም።"

"ዝም በይ እስቲ፣ ቤተ ክርስቲያን ነው። ማን?"

"እናቱ። አሁን አታየውም። ድሮ ታየው ነበር።" ልጅቱ ዙሪያዋን ቃኘች። "ማን ያየዋል?"

ወንጌላዊት ቀና ብላ አየች። ሁለት ትልልቅ ዓይኖች ከግድግዳው ላይ ሕዝቡን ሁሉ ያያሉ፣ እሷንም ያያሉ። ከእመቤታችን ጀርባ የታዘለውን ሕፃን ግን አያዩትም። ደክሟት አልነበረም። አሁን አወቀችው፤ ደክሟት አልነበረም፣ ስሕተትም አልነበረም፣ የእሷ እጅ ነበር። አሁን ግን ከነጩ ቀለም ሥር ነው፤ ያወጣችው እሷ፣ የደፈነችውም እሷ።

ያን ጊዜ ጊዮርጊስ ከጀርባዋ ማልቀስ ጀመረ። እልልታውና ከበሮው አስደንግጦት ነው። ወንጌላዊት አንገቷን ልታዞርለት ፈለገች፤ ከዞረች ግን ከኋላዋ የቆሙት ሴቶች ሊያለቅስ የደረሰ ፊቷን ያያሉ። ስለዚህ ፊት ለፊት እያየች ቀጥ ብላ ቆመች፣ እንባዋም በጉንጯ ወረደ። ልጁ ለቅሶውን አበረታ።

ማኅሌት የእናቷን እጅ ለቀቀች። ወደ ኋላዋ ዞራ፣ በእግሯ ጣቶች ቆማ፣ የወንድሟን ተረከዝ ያዘችና ቀና ብላ አየችው።

"አለሁ" አለችው። "አለሁ፣ አለሁ።"